ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፦ ስለ ከተማ አቀፍ ፈተናው ዝግጅት

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ልጆቻችሁ በዓመቱ መጨረሻ ለሚወስዱት የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና የቀድሞ ዓመታት ጥያቄዎችን በጥራዝ አባዝተን ለምን እንደማንሰጥ በርከት ያላችሁ ወላጆች በአካልም በመገናኛ ደብተርም ስለጠየቃችሁን፣ ምክንያታችንን በጽሑፍ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ባለፈው ሳምንት በሰጠነው የሂሳብ መልመጃ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበር፦ «45 ተማሪዎች ለጉብኝት ሊሄዱ ነው። አንድ ሚኒባስ 12 ተማሪ የሚይዝ ከሆነ ስንት ሚኒባስ ያስፈልጋል?» ብዙዎቹ ልጆች 45ን ለ12 አካፍለው፣ 3 ደርሶ 9 እንደሚተርፍ በትክክል አግኝተው፣ 3 የሚለውን ምርጫ አጠቆሩ። መምህራቸው «የተረፉት 9 ልጆችስ በእግራቸው ይምጡ?» ሲሏቸው ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ መልሱንም ማንም ሳይነግራቸው ወደ 4 አረሙት። ማካፈሉን ችለውታል፤ የጎደለው ያገኙትን ቁጥር ይዞ ወደ ጥያቄው መመለስ ነበር።

በአማርኛና በአካባቢ ሳይንስም የምናየው ችግር ተመሳሳይ ነው። «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» ሲባል፣ በቋንቋችን አፍራሹ ቃል ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ የቸኮለ ልጅ እዚያ ሳይደርስ መጀመሪያ ያገኘውን እውነተኛ ዓረፍተ ነገር መርጦ ያልፋል።

ስለዚህ በቅዳሜው የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጡ የነበሩትን 40 ጥያቄዎች ወደ 10 ዝቅ አድርገን፣ ተማሪው የመረጠውን ለምን እንደመረጠና ሌሎቹን ሦስቱን ለምን እንደጣለ በጽሑፍ እንዲያስረዳ እያደረግን ነው። ወረቀቱ ሳስቶ ስታዩ መምህራኑ የሰነፉ የመሰላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ እርማቱ ግን ከቀድሞው በእጅጉ የሚበልጥ ጊዜ እየወሰደባቸው ነው። የቀድሞ ፈተናዎችንም ጨርሰን አልተውናቸውም፤ ሰዓት አጠቃቀምንና የመልስ ወረቀት አጠቋቆርን ለማለማመድ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እንጠቀምባቸዋለን።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉንም በሽምደዳ ማሳበብ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ሆኖም ጥያቄን አንብቦ የመረዳት ልማድ 12ኛ ክፍል ሲደረስ የሚጀመር አይደለም።

ከእናንተ የምንጠይቀው ልጁ የቤት ሥራ ሲያስቸግረው መልሱን ከመንገር ይልቅ «ጥያቄው ምን አለ? እስቲ በራስህ አነጋገር ንገረኝ» እንድትሉት፣ ትክክል ሲመልስም «እንዴት አገኘኸው?» ብላችሁ እንድትጠይቁት ነው።

በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በምናደርገው ስብሰባ፣ ልጆቻችሁ የሠሯቸውን እነዚያኑ 10 ጥያቄዎች እናንተም ተቀምጣችሁ ስለምትሞክሯቸው፣ እርሳስና ላጲስ ይዛችሁ እንድትገኙ በትሕትና እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር