ያላየሽው ላይ አትፈርሚ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴም ከክረምቱ ይሻላል። በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ግን ሰላምታ ሳንጨርስ ደንበኛ ይደውልና "እማዬ መልሼ ልደውልልሽ" ትያለሽ። ጥቅምት ሳያልቅ እንደማትደውዪ ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ወንድምሽ ከሽሮው ጋር ያደርስልሻል።

እሱን እንዳትቆጪው። የነገረኝ ጨንቆት ነው። ቱሉ ዲምቱ አንቺ ጋ ያደረ ቀን፣ ያ ሂሳቡንና ግብሩን የምትሠሪለት የቃሊቲው ብረት ነጋዴ ማታ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ይዞ መጣ አለኝ። "ይሄ ሁሉ ዕቃ መቼ ተገዛ? የት ገባ?" ብትዪው "እሱን ለኔ ተዪው፣ አንቺ ወጪ ላይ አስገቢና ፈርሚ" አለሽ። አንቺም እሺ አላልሽም፣ እምቢም አላልሽም። ፌስታሉን ተቀብለሽ ቁምሳጥን ላይ አስቀመጥሽ። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ልጄ፣ ያላየሽው ላይ አትፈርሚ።

"እማዬ ሥራውን አታውቂውም" እንዳትዪኝ። ሐምሌ 2009 ግብር የሚጣልበት የቀን ገቢ ግምት ሲመጣ፣ ካራ ባለችው ሱቄ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቼ እግሬ ከዳኝ። አንቺ ገና የኮሜርስ ተማሪ ነበርሽ። ስንቱ ሱቁን ዘግቶ ሲወጣ አንቺ የዱቤ ደብተሬን ይዘሽ ተቀመጥሽ። ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ሳሙናውን በየቀኑ ደምረሽ የቅሬታ ማመልከቻ ጻፍሽልኝ። ቀነሱልኝም። ከዚያ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ በራችን ላይ ተሰለፈ። እነዚያ ሰዎች መክፈል ያቃታቸው ድሆች ነበሩ። ያኔም ቢሆን ለአንዳቸውም የሌለ ቁጥር አልጻፍሽም። ምነው ታዲያ ዛሬ?

ድካምሽን አያለሁ። ነጋዴው ዓመቱን ሙሉ ይጠፋል። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ጊዜ አለው፤ ደረጃ ሀ፣ ማለት ሽያጩ ትልቅ ግብር ከፋይ፣ ከሆነ እስከ ጥቅምት 30 አራት ወር ሙሉ ይሰጠዋል። እሱ ግን በርሽን የሚያንኳኳው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ግማሹ ደረሰኝ የገዢው ስምና የግብር ከፋይ መለያው፣ ቲን ቁጥሩ፣ የለበትም። የካሽ ሬጂስተሩ ወረቀት ፊደሉ ጠፍቶ ነጭ ሆኗል። ማሽኑ የቀኑን ሽያጭ ደምሮ የሚያወጣው ዜድ ሪፖርት የአንዳንዱ ቀን የለም። የልጁን ትምህርት ቤት ክፍያና የሠርጉን አዳራሽ ሳይቀር "ወጪዬ ነው" ብሎ ያቀርባል። ለባንክ ብድር ሲሆን ትርፉን አሳድጊልኝ ይልሻል፣ ለገቢዎች ሲሆን አሳንሺልኝ። አሠሪው ለጡረታ 11 በመቶ እንዳይከፍል ሠራተኞቹን ይደብቃል። በመጨረሻው ቀን ሲስተሙ ሲጨናነቅ ደግሞ ጥፋቱ ያንቺ ይሆናል። ቅጣቱ ሲመጣ አንቺን ይሳደባል። ያንቺን ክፍያ ስትጠይቂው "ግብሩ ጎድቶኛል፣ በሚቀጥለው ወር" ነው መልሱ።

የ2017ቱ የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ 1395 ደግሞ ሌላ ጣጣ ጨመረብሽ። ሀ፣ ለ፣ ሐ የነበረው የግብር ከፋይ ደረጃ ሁለት ብቻ ሆነ። በዓመት 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሚሸጠው ሀ፣ ከዚያ በታች ያለው ለ። ይህን ለእያንዳንዱ ስታስረጂ ጉሮሮሽ ተዘጋ። ሕጉን አንቺ ያወጣሽው ይመስል ይጮኹብሻል። ይህ ሁሉ ይገባኛል። አንዳንዴ ሳስብሽ ያስለቅሰኛል።

ግን ስሚኝ። ዕቃ ሳይሸጥ ደረሰኝ ብቻ የሚሸጥ ሰው እንዳለ ከኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። ገቢዎች ሚኒስቴር በሐሰተኛ ደረሰኝ የጠረጠራቸውን ድርጅቶች ስም እየዘረዘረ ሲያወጣ ለኔ ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ። ነገሩ በቅጣት ብር ብቻ አያልቅም፣ ያሳስራል። እንዳንቺ ያለ የታክስ ወኪል ሰነዶቹን መርምሬያለሁ ብሎ ማረጋገጥ እንዳለበት የታክስ አስተዳደር አዋጁ እንደሚያዝም ነግረሽኛል። ታዲያ በፌስታል ታስሮ የመጣውን መቼ መረመርሽው? ያላየሽው ላይ አትፈርሚ።

የአባትሽን ነገር ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም። አንቺ የምታውቂው ሐብሌን መሸጤን ብቻ ነው።

በደርግ ጊዜ በአንድ የመንግሥት ግንባታ ድርጅት ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር የሚሠራው። ሲሚንቶ እንደ ወርቅ የሚፈለግበት ዘመን ነው። አንድ ቀን ሊወጣ ሲል አለቃው ጠራው። "ሲሚንቶው እዚህ ሳይመጣ በቀጥታ ሳይት ወርዷል። ሾፌሩ እየጠበቀ ነው፣ የዕቃ መረከቢያውን ሞዴል 19 ቁረጥለት" አለው። አባትሽ ሄጄ ልቁጠር አለ። "መሽቷል፣ እኔን አታምነኝም?" አለው አለቃው። አባትሽ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ሰው ፊት እምቢ ማለት ያፍራል። ቆረጠለት።

ሰኔ 30 አልፎ ቆጠራ ሲደረግ ሲሚንቶው የለም። ሳይቱ ላይም አልወረደም። ወረቀቱ ሲገለጥ የማን ስም አለበት? የአባትሽ። አለቃው ተጠየቀና "እኔ ቆጥረህ ተረከብ ነው ያልኩት" አለ። ይህን ሲል አባትሽ እዚያው ነበር። ማታ ቤት መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ምግብ አቀረብኩለት፣ አልነካውም። ከሥራ አገዱት። ከዚያ መለሱትና ከደመወዙ ይቆርጡ ጀመር። ሐብሌ ያኔ ሄደች፣ ታላቅ ወንድምሽም ያኔ ነው ከትምህርት ቤት ቀርቶ ጋራዥ የገባው። ዕዳው ከተከፈለ በኋላ እንኳ ሰፈሩ "በላ" ማለቱን አልተወም። ለቅሶ ቤት ሲገባ ወሬ የሚቆም ይመስለው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም በኋላ በር መግባት ጀመረ።

ገንዘቡ አይቆጨኝም፣ ገንዘብ ይመጣል። የሚቆጨኝ አባትሽ አንድ ብር እንዳልነካ የሚናገርለት ወረቀት ሳያይ መሞቱ ነው። ያንን አለቃ ማንም በጥፋተኝነት አልጠየቀውም። ጡረታውን በሰላም በላ።

የሪፖርት ካርድሽን ትዝ ይልሻል? መስመር በመስመር አንብቦ፣ ድምሩን ራሱ ደምሮ ካልጨረሰ አይፈርምም ነበር። "አባዬ ረፈደብኝ፣ መምህሯ ትቆጣኛለች" እያልሽ ታለቅሻለሽ። እኔም "ምናለበት ፈርምላት" እለዋለሁ። መልስ ሳይሰጠኝ እንደገና ከላይ ይጀምራል። አሁን ምክንያቱን አወቅሽ።

ነጋዴው ከደንበኞችሽ ሁሉ የተሻለ የሚከፍል እሱ እንደሆነ ወንድምሽ ነግሮኛል። የቤት ኪራይሽ እንደጨመረም ሰምቻለሁ። ለምን ደበቅሽኝ? የኅዳሩን ዕቁብ እኔ ነኝ የምወስደው። የሦስት ወር ኪራይ ይሸፍናል። እኔ ምን አደርግበታለሁ? የሱቁ ጣሪያ እስከ ሚቀጥለው ክረምት ይቆያል። ይህን ሰው ማጣት የሚያስፈራሽ ለኪራይ ከሆነ፣ ኪራዩን ለኔ ተዪው።

ደግሞ እነዚህን ነገሮች አድርጊ። የማሽን ደረሰኝ እንደመጣልሽ ወዲያው ፎቶ ኮፒ አድርጊው፣ ሙቀት ባለበት አታስቀምጪው። ከማንም ሰነድ ስትቀበዪ በዝርዝር ጽፈሽ ተፈራረሚ። የሥራሽን ግማሽ ክፍያ ሳትጀምሪ ተቀበዪ፣ ይሉኝታ ይቅርብሽ። ዓይንሽን ተመርመሪ፤ መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን ቁጥር መደመር ተዪ። ቁርስ ብዪ። የላክሁልሽን ሽሮ ለጎረቤት አታከፋፍዪ፣ ለራስሽ ሥሪው።

በስተመጨረሻ የብረቱ ነጋዴ። ጥቅምት 30 እስኪደርስ አትጠብቂ፣ ያኔ ጭንቀቱ ያስፈርምሻል። በዚህ ሳምንት ጥሪው። ሲመጣ ብቻሽን አትሁኚ፣ ወንድምሽ ይኑር። በደንብ አናግሪው፣ አትሳደቢ። የገዛውን ዕቃ ከባንክ የከፈለበትንና መጋዘን የገባበትን ወረቀት ካመጣ እሰየው፣ አንድ በአንድ አይተሽ ሥሪለት። ካላመጣ ፌስታሉን መልሺለት። ስትመልሺ ደረሰኞቹን ቆጥረሽ ቁጥራቸውን መዝግቢ፣ መረከቡን አስፈርሚው፣ አንዱ ቅጂ ካንቺ ይቅር። ከተቆጣ ይቆጣ። ያላየሽው ላይ ግን አትፈርሚ።

ከሄደ በኋላ በማንኛውም ሰዓት ደውዪልኝ። አልተኛም።

እናትሽ፣ ከካራ