ለጤናህ እንደምን ከረምክ?

ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። የድሮ ደብዳቤ አስመሰልኩት አይደል? ይሁን፤ ይህን ያህል ተጠፋፍቶ በ«ሃይ» አይጀመርም።

ኑሮው ያው ነው፣ ዋጋው ብቻ ይጨምራል። የጻፍኩልህ ስለ አንድ ወፍ ነው። አትሳቅ።

ክረምቱ ሲገባ ጣና ዳር ዘጌ ሄጄ ነበር። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በሚያወጣው መንገድ፣ ቡናው መሀል፣ ያ ፈረንጆቹ «ፓራዳይዝ ፍላይካቸር» የሚሉት ጭራ ረጅሙ ወፍ ሽው ብሎ አለፈ። ታስታውሰዋለህ፤ ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ጀርባው ቀላ ያለ ቡኒ፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለበት ያለው። አንዳንዱ ወንድ ጀርባውም ጭራውም ነጭ ነው። ክብደቱ 15 ግራም ገደማ ነው፤ ጭራው ግን ሰውነቱን ያህላል። ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅና ዝንቧ ስታልፍ ብድግ ብሎ አየር ላይ ይቀልባታል።

ጎጆውንም አገኘሁት። ቀጭን ባላ ላይ ያለች፣ የቡና ሲኒ የምታክል ነገር። ሥራሥርና የዛፍ ልጥ በሸረሪት ድር አያይዘው ይሠሯታል፤ ከውጭ ደግሞ ግንድ ላይ የሚበቅለውን ግራጫ የዛፍ ሽበት ይለጥፉባታል። እና ማን ተኝቶባት ነበር? አባትየው! እንቁላሉን ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ነው የሚያቅፉት፤ ሁለት ሳምንት ገደማ። የሷ ጭራ አጭር ስለሆነ እጥፍጥፍ ብላ ትቀመጣለች። የሱ ግን ከጎጆው አልፎ ወደ ታች ተንዘርፍፏል። እኔ ብሆን «ጠላት ያየኛል» ብዬ ሰበብ አላጣም ነበር።

አንተ መቼም ብርቅዬ ካልሆነ ወፍ አታይም። ይሄ ብርቅዬ አይደለም፤ ግቢው ዛፍ ካለው ከተማም ይገባል። ለኔ ግን ባሌ ድረስ ካንከራተቱኝ ብርቅዬዎችህ ሁሉ እሱ ይበልጣል።

ዘጌ ደግሞ ይመቸዋል። በዘጌው ጻድቅ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ምክንያት እዚያ በሬ ተጠምዶ አይታረስም ይላሉ አዛውንቱ። ሰዉ በቡናና በጌሾ ነው የሚኖረው። ዛፉ ለቡናው ጥላ ይሆናል፤ ጥላው ሥር ትንኝና ዝንብ አይጠፋም፤ ወፉም ጠግቦ ያድራል።

ያ አሮጌ ባይኖኩላርህ ካለ በሚመጣ ሰው ላክልኝ። ወይም ራስህ ይዘኸው ና፤ የጀልባውን እኔ እከፍላለሁ። ስልኬ ያው ነው።