የፊልም ክበብ፦ «ልብ አንጠልጣይ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዘንድሮ በ19 አባላት ጀምረን በ14 ጨረስን። የሐሙስ ሰዓታችን ከእግር ኳስ ልምምድ ጋር ስለተጋጨ የቀሩብንን ልጆች አልፈርድባቸውም።

በመጀመሪያው ቀን የጠየቅኋቸው፣ በአማርኛ ፊልሞች ፖስተር ላይ ምን ዓይነት ፊልም ነው ተብሎ እንደሚጻፍ ነበር። «የፍቅር»፣ «አስቂኝ የፍቅር»፣ «የቤተሰብ»፣ «ልብ አንጠልጣይ» እያሉ ሰሌዳውን ሞሉት። «ልብ አንጠልጣይስ ምን ያለበት ነው?» ስላቸው ባንድ አፍ «ሽጉጥ!» አሉ።

በዚህች መልስ ሁለት ወር ተከራከርን። የረዳን የፊልም ዳይሬክተሩ የአልፍሬድ ሂችኮክ ምሳሌ ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ፤ ከሥራቸው ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ከፈነዳ ድንጋጤው የ15 ሰከንድ ነው። አስቀድሞ ካየው ግን ያንኑ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ተጨንቆ ይሰማል። ቦምቡ ያው ነው፤ ልዩነቱ ተመልካቹ በሚያውቀው ላይ ነው።

ኮሜዲው ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። በቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ጎልድ ራሽ» (እ.ኤ.አ. 1925) ውስጥ፣ በረዶ ጎጆ ውስጥ ያስቀረው ሰውዬ ጫማውን ቀቅሎ ይበላል። ማሰሪያውን እንደ ፓስታ በሹካ ይጠቀልላል፣ ሚስማሩን እንደ አጥንት ይመጥጣል። ልጆቹ በሳቅ ሲፈነዱ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ብቻ «ተርቦ እኮ ነው!» አለች። ጫማው ከከረሜላ የተሠራ ነው ብላትም ፊቷ አልተፈታም። እውነቷን ነው፤ ቻፕሊን ራሱ ሐሳቡን ያገኘው በተራራ በረዶ ተይዘው በረሃብ ከተሠቃዩ መንገደኞች ታሪክ ነው።

ዌስተርንን (የካውቦይ ፊልምን) እና ሳይንስ ልብወለድን በሩጫ አለፍናቸው፤ መብራት ሁለት ሐሙስ ወስዶብናል።

በሚያዝያ አንዲት ልጅ በባዶ ኮሪደር መጥታ የክፍል በር ስትከፍት በስልክ ቀረጽን። ያንኑ ቀረጻ መጀመሪያ በክራር ሙዚቃ አጅበን ለተማሪዎች አሳየን፤ ውስጥ የሚጠብቃት ሰው ያለ መሰላቸው። በፈጣን ፒያኖ ሲሆን ትወድቃለች ብለው ቀድመው ሳቁ። ሦስተኛውን በራሱ ድምፅ ተውነው። ለካ ስንቀርጽ ልብ ሳንል የጽዳት ሠራተኛችን ባልዲ ከደረጃ ሲወድቅ ገብቶ ኖሯል! የኋላ ወንበር ጎረምሶች ጮኹ።

ለወላጆች ቀን ያሳየነው ይኸንኑ ነው። ፖስተሩን «ሽጉጥ!» ካሉት አንዱ ሣለው፤ ከላይ «ልብ አንጠልጣይ» ይላል፣ ከሥሩ ያለው ሥዕል ባልዲ ነው።