ስለ ካዛንቺስ ድመቶች፣ እና አንድ ጥያቄ

ውዴ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ዝምታችን በጣም ረዘመ። ማን ለማን መልስ ሳይሰጥ ቀረ የሚለው ውስጥ አልገባም፤ ናፍቀሽኛል፣ ይኸው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ብርዱ እንዴት አደረገሽ? ልጆቹስ? ብዙ የምነግርሽ አለ፣ ግን በአንዱ ልጀምር፤ እሱን ከጨረስኩ በኋላ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ።

ሜዳ ላይ የቀሩ ድመቶችን እያነሳሁ ቤት እፈልግላቸዋለሁ።

የጀመርኩት ካዛንቺስ ሲነሳ ነው። በ2017 መጀመሪያ ሰዉ ዕቃውን በአይሱዙ እየጫነ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ቦታ ሲሄድ ብዙ ድመት እዚያው ቀረ። ሰዉ ጨክኖ የጣላቸው እንዳይመስልሽ። ድመት ጫጫታ ስትሰማ ትደበቃለች፣ መኪናው ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ሁሉም ነገር ሲረጋጋ ትወጣና የለመደችው ቦታ ላይ ትቀመጣለች፤ ቤቱ ባይኖርም። ከሥራ ስመለስ በዚያ በኩል ሳልፍ ሰው ቤት ያደጉ ድመቶች፣ አንዳንዶቹ አንገታቸው ላይ ክር እንደታሰረ፣ ከፍርስራሹ ወጥተው እየጮኹ ወደ እኔ ይመጡ ነበር። አንጀቴ አልቻለም።

ትልልቆቹ ቀላል ናቸው። ዘንቢል፣ ትንሽ የተቀቀለ ሳንባ፣ ትዕግሥት፤ በቃ። ከባዱ ግልገሎቹ ናቸው። መጀመሪያ ነገር ብቻቸውን ያገኘሻቸውን ሁሉ አታነሺም። እናትየዋ ምግብ ፍለጋ ሄዳ ሊሆን ይችላልና ራቅ ብለሽ ለሰዓታት ትጠብቂያለሽ። ካልመጣች ይነሳሉ። ዓይናቸው ገና ካልተገለጠ፣ እሱም በሳምንት በአሥር ቀን ገደማ ነው የሚገለጠው፣ ከረሃቡ ቀድሞ የሚገድላቸው ብርዱ ነው። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ ካርቶናቸው ውስጥ ታስገቢያለሽ። ሳይሞቁ አይበሉም፤ የቀዘቀዘ ግልገል ሆዱ ወተት አይፈጭለትም። የላም ወተት ደግሞ ያስቀምጣቸዋል። እዚህ ሁሉም ሰው አዝኖ የሚሰጣቸው እሱን ነው፣ ተቅማጡ ደግሞ ቶሎ ያደርቃቸዋል። እኔ ለድመት ግልገል የተዘጋጀውን የዱቄት ወተት ፈልጌ አስቀምጣለሁ፤ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በሲሪንጅ፣ በደረታቸው አስተኝቼ። እንደ ሕፃን በጀርባቸው ካስተኛሻቸው ወተቱ ወደ ሳንባቸው ሊገባ ይችላል። እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ሽንታቸውን እንኳ በራሳቸው አይሸኑም። እናታቸው እየላሰች ነው የምታሸናቸው፤ እሷ ከሌለች ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ማሸት ነው። ይህን ሁሉ አድርገሽም የሚሞት አለ። አለቅሳለሁ። "ለድመት?" የሚሉኝ አሉ፣ መልስ አልሰጣቸውም።

አሁን ደግሞ ሁዳዴ ገብቷል፤ ለመንገድ ድመት የዓመቱ ክፉ ጊዜ። ሰው ይህን አያስበውም። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ከቤት የሚወጣው ትርፍራፊም ሽሮና ምስር ብቻ ይሆናል። ድመት እንደ ውሻ የተገኘውን በልታ የምታድር አይደለችም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋ ወይም ከዓሣ ካላገኘች ውሎ አድሮ ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ወጡ ደግሞ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው፣ ደሟን ነው የሚያበላሸው። ስለዚህ ሰው አዝኖ ፍትፍት ሲያወጣላቸው ሳይ ደስም ይለኛል፣ እፈራለሁም። በዚህ ወቅት እኔ ሰፈራችን ካለው የሙስሊም ሥጋ ቤት ሳንባና ቁርጥራጭ እወስዳለሁ። ባለቤቱ ለምን እንደምወስድ ካወቀ ወዲህ ለይቶ ያስቀምጥልኛል፣ ገንዘብም እምቢ ብሏል። እግዜር ይስጠው።

ለእኔ ግን ዋናው ሥራ መስጠቱ ነው። ማንሳትማ አንጀቱ የራራ ሁሉ ያነሳል። ፈላጊም አይጠፋም፤ እህል ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ባለሱቁ፣ ሁሉንም አይጥ አስመርሮታል። እኔ ቀድሜ የምጠይቀው "ታስሯታላችሁ ወይ?" ብዬ ነው። አንገቷን በሲባጎ ታስራ ጆንያ ሥር የምትውል ድመት አይተሽ ታውቂያለሽ። ለሚያስር አልሰጥም። የአይጥ መርዝ ለሚያስቀምጥም አልሰጥም፤ የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት አብራው ልትሞት ትችላለች። የሚወስዳት ሰው መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቤት እንዳያስወጣት እለምነዋለሁ፣ አለዚያ የድሮ ቦታዋን ፍለጋ ትሄዳለች። ደግሞ ካስቸገረቻችሁ ለእኔ መልሷት እንጂ በማዳበሪያ ቋጥራችሁ ሌላ ሰፈር እንዳትጥሏት እላለሁ። ይህን ቃል ሳላስገባ የሰጠሁት ሰው የለም።

ሴቶቹን ደግሞ ሳላስመክን አልሰጥም። ከአራት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናው ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው፣ እያጠባችም ትደግማለች። "ኃጢአት ነው" የሚሉኝ አሉ። እኔ ደግሞ በየጊዜው የሚወለዱትን በካርቶን ሜዳ ላይ መጣሉ ነው ኃጢአት እላቸዋለሁ። ሦስት ወር የሞላቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳሉ፤ ስሙ የውሻ ቢሆንም ድመትንም ይይዛል። እኔም ተከትቤያለሁ። የነከሰችኝ ካለች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባለሁ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ይህን ስነግራቸው የሚደነግጡ ሰዎች አሉ፣ ግን ሳልነግር መስጠት አልችልም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ። ገላን ጉራ ሄጄ ማዘርን ጠይቄያቸው ነበር። ደህና ናቸው፣ አትስጊ። ቡና አፍልተውልኝ ብዙ ተጫወትን። ግን ያቺ ነጭ ድመታቸው በዕቃ መጫኑ ቀን እንደጠፋች እስካሁን ያነሷታል። ፈልጌላቸው ነበር፣ አላገኘኋትም። አሁን እኔ ጋ አንዲት ዝንጉርጉር ድመት አለች፤ ትልቅ፣ ረጋ ያለች፣ የመከነች፣ የተከተበች፣ እሷም ከዚያው ከካዛንቺስ። ግልገል ለእሳቸው አይሆንም፣ እግር ሥር እየገባ ይጥላቸዋል። ይህቺ ግን ሰው ሲቀመጥ መጥታ ጭን ላይ ትተኛለች።

ድንገት ይዣት ብሄድ በይሉኝታ እሺ ይሉኛል፣ እሱን አልፈልግም። አንቺ ስትደውይላቸው ቀስ ብለሽ ጠይቂልኝ፤ ለልጃቸው እምቢ ማለት አይከብዳቸውም። ከታመሙ ወይም ከደከማቸው የዚያኑ ቀን መጥቼ እንደምወስዳት ንገሪያቸው። በጾም ሥጋ መነካካት እንደማይወዱም አውቃለሁ፤ ስለዚህ እሺ ቢሉ እንኳ የማመጣት ከፋሲካ በኋላ ነው። ሳህኗንም ሳንባዋንም ይዤ እመጣለሁ። ፎቶዋን በቴሌግራም እልክልሻለሁ፣ የሚያሳያቸው ጎረቤት ካለ ላኪላቸው። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።