የኅዳር በሽታን ያመጣው ጭስ የሚያጠፋው ነገር አልነበረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ኅዳር 12 መታሰቢያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በትኩረት አንብቤዋለሁ። በ1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1918) የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን እንዴት እንዳጠቃ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እንደፈጀ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንንም ታመው እንደዳኑ ለወጣቱ አንባቢ ማስታወሳችሁ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ጽሑፉ የበሽታውን መንስኤ «በዓይን የማትታይ ሕዋስ» ብሎ መግለጹና የዛሬ ሰው በአንቲባዮቲክ ሊመክታት እንደሚችል ማስነበቡ በዝምታ የሚታለፍ ስላልሆነ ይህንን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የኅዳር በሽታን ያመጣው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሕዋስ አይደለም። አይመገብም፣ አይተነፍስም፣ እንደ ባክቴሪያም ለሁለት ተከፍሎ አይራባም። ያለው ነገር ስምንት ቁራጭ አር.ኤን.ኤ. (የዘር መረጃውን የሚይዝ ሞለኪውል)፣ ጥቂት ፕሮቲኖችና ከላይ የሚሸፍነው ስስ የስብ ልባስ ብቻ ሲሆን፣ ወርዱም የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ገደማ ነው። ሩሲያዊው ኢቫኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1892 የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያን በሚያስቀር የሸክላ ማጣሪያ ካለፈ በኋላም ጤነኛውን ተክል እንደሚያሳምም ቢያሳይም፣ በ1918 ዓለም በወረርሽኙ ስትታመስ ብዙ ሐኪሞች ተጠያቂ ያደረጉት ከሕሙማን አክታ ያገኙትን ባክቴሪያ ነበር። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ አገር ነው። ስለዚህ በዚያ ክፉ ወቅት ቆሻሻ አቃጥለው ሰፈራቸውን ያጠኑ አያቶቻችን የሚወቀሱበት አንዳች ምክንያት የለም፤ የሚወቀስ ካለ ዛሬ እየታወቀ በየዓመቱ ኅዳር 12 ያንኑ የምንደግመው እኛ ነን።

ቫይረሱ በአፍንጫና በጉሮሮ ሽፋን ላይ ካሉት ሕዋሳት ጋር ይጣበቃል፤ ሕዋሱም ራሱ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ በሰው ምጣድ መጋገር ነው፦ አር.ኤን.ኤ.ው ወደ ሕዋሱ አስኳል ይገባል፣ የእኛው ራይቦዞሞች የእርሱን ፕሮቲን ያመርታሉ፣ አዲሶቹ ቫይረሶችም ከሕዋሱ ሽፋን ላይ ስብ ቆርሰው ተጠቅልለው ይወጣሉ። አር.ኤን.ኤ.ው ሲቀዳ ስሕተቱን የሚያርም ስለሌለ ቫይረሱ መልኩን ቶሎ ቶሎ ይለውጣል፤ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየጊዜው የሚከለሰውም በዚሁ ነው።

አሞክሲሲሊን የሚሠራው ባክቴሪያ የሕዋስ ግድግዳውን እንዳይገነባ በማድረግ ነው። ቫይረስ ግድግዳ የለውም። ሌሎች ብዙ አንቲባዮቲኮች የባክቴሪያን ራይቦዞም ይይዛሉ፤ ቫይረስ የራሱ ራይቦዞምም የለውም። ይሁንና አራት ኪሎ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ፊት ተራ ለሚጠብቅ ሰው፣ ንፍጡን በመሐረብ እየጠረገ «አሞክሲሲሊን አንድ ስትሪፕ» የሚል ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። ይህ መድኃኒት ጉንፋኑን አይነካውም፤ በሆዱ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን ይገድላል፣ መድኃኒት የለመዱትንም ያበዛል። በ1918 ከሞቱት አብዛኞቹን የገደለው ቫይረሱን ተከትሎ የገባ የባክቴሪያ ሳንባ ምች እንደነበረ አልክድም፤ ለእንዲህ ያለው ሕመም አንቲባዮቲክ ሕይወት ያድናል፤ ነገር ግን መርምሮ የሚያዘው ሐኪም ነው።

ጭሱም ቢሆን ከአንዱ ሰው ትንፋሽ ወደ ሌላው የሚሻገረውን ቫይረስ አያገኘውም። ይልቁንም የተቃጠለ ፕላስቲክና ጎማ፣ ቫይረሱ የሚጣበቅበትን የመተንፈሻ አካል ሽፋን ይጎዳል፤ አስም ላለበት ልጅ ያቺ ምሽት ከባድ ናት። ያ የስብ ልባስ በሳሙና ስለሚሟሟ እጅን መታጠብ ከጭሱ እጅግ ይበልጣል። የፖሊዮ ቫይረስ ግን እንዲህ ያለ ልባስ የለውም፤ ስለዚህ አልኮል እንደ ኢንፍሉዌንዛ በቀላሉ አያጠፋውም።

ሕዋስ ሳይሆኑ የሚያሳምሙ ከቫይረስም ያነሱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 ዲነር የተባለ ተመራማሪ ድንችን የሚያቀጭጭ፣ ፕሮቲን የሌለው፣ 359 ፊደላት ብቻ ያሉት ክብ አር.ኤን.ኤ. መኖሩን አሳወቀ፤ ቫይሮይድ ይባላል። ፕሩሲነር በ1982 ፕሪዮን ብሎ የሰየመው ደግሞ በተሳሳተ መልክ የተጣጠፈ ፕሮቲን ብቻ ሲሆን ማፍላት እንኳ አያጠፋውም። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ጉበትን የሚያሳምመው ሄፓታይተስ ዲ ነው፦ የራሱ ልባስ ስለሌለው የሄፓታይተስ ቢን ተውሶ ይለብሳል፤ በመሆኑም ሕፃናት የሚወስዱት የቢ ክትባት ዲንም ይከላከላል። ወላጆች ይህንን ከጋዜጣችሁ ቢያነቡት እወዳለሁ።

ስለሆነም የተጠቀሰውን ስሕተት በቀጣዩ እትም እንድታርሙ፣ ለመጪው ኅዳር 12 በምታዘጋጁት ገጽም የየሰፈሩ ቆሻሻ እንዳይቃጠልና በደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት በኩል እንዲነሣ ነዋሪውን እንድትመክሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሥነ ሕይወት መምህር
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ