አይቢ ትምህርት ቤት ለምትመርጡ በውጭ ላላችሁ የወሎ ቤተሰቦች

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ክረምት በገባ ቁጥር ከዱባይ፣ ከዶሃና ከናይሮቢ ወደ ደሴ የሚደወለው ስልክ ይበረክታል። ደዋዮቹ በሥራ ምክንያት ልጆቻቸውን ይዘው የወጡ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ መሐንዲሶች፣ ነርሶች፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች። ጥያቄያቸውም ተመሳሳይ ነው፦ «አሠሪዬ የልጆች ትምህርት አበል ይሰጠኛል፤ አይቢ ላስገባቸው ወይ? የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?» አይቢ የሚሉት ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የተባለውን ዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት ነው። በትምህርት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምንመልስ፣ በጋዜጣችሁ በኩል ለሁሉም ብንጽፍ ይሻላል ብለን ነው።

ምርጫውን ከ12ኛ ክፍል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ብዙ ቤተሰብ ግቢውን፣ መዋኛ ገንዳውንና የመዋዕለ ሕፃናቱን ቀለም አይቶ ይመዘገብና ልጁ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ነው ችግሩን የሚያየው። ያን ጊዜ መመለስ ከባድ ነው።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ። «ኢንተርናሽናል» የሚለውን ቃል ማንም በበሩ ላይ ሊጽፈው ይችላል። አይቢ ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተ፣ ሥርዓተ ትምህርትና ፈተና ያለው ድርጅት ነው። 4 ፕሮግራሞች አሉት። ከ3 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የአንደኛ ደረጃው፣ ከ11 እስከ 16 የመካከለኛው፣ ከ16 እስከ 19 ደግሞ ዲፕሎማውና ከሙያ ጋር የተያያዘው። ፈቃድ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው ነው። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት በአንደኛ ደረጃ አይቢ ሆኖ ከ9ኛ ክፍል በኋላ ወደ እንግሊዝ ወይም ወደ አሜሪካ ሥርዓተ ትምህርት ሊዞር ይችላል፤ ብሮሹሩ ላይ ግን አንድ አርማ ብቻ ነው የምታዩት። የድርጅቱ ድረ ገጽ ትምህርት ቤት መፈለጊያ አለው። ስሙን ስታስገቡ የትኛው ፕሮግራም ከመቼ ጀምሮ እንደተፈቀደለት ያሳያል። ስሙ እዚያ ከሌለ ውይይቱን እዚያው ማቆም ነው።

«ዕጩ ነን» የሚለውን መልስ በተለይ ተጠንቀቁ። ዕጩ ማለት አመልክቷል፣ ገና አልተፈቀደለትም ማለት ነው። ሂደቱ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ዓመት ይፈጃል። ዕጩ ትምህርት ቤት ተማሪን ለዲፕሎማ ፈተና ማስመዝገብ አይችልም። ልጃችሁ የ5 ዓመት ከሆነ ዕጩነቱ ብዙም አይጎዳው ይሆናል፤ 10ኛ ክፍል ከሆነ ግን «እስከዚያ ይፈቀድልናል» በሚል ተስፋ አታስመዝግቡት።

አሁን ወደ ዲፕሎማው እንሂድ፤ ነገሩ ሁሉ የሚታሰረውም የሚፈታውም እዚህ ነው። ተማሪው በ2 ዓመት ውስጥ 6 ትምህርት ይወስዳል፤ 3ቱን በከፍተኛ ደረጃ፣ 3ቱን በመደበኛ ደረጃ። ከፍተኛ ደረጃ 240 ሰዓት፣ መደበኛው 150 ሰዓት ማስተማርን ይጠይቃል። እያንዳንዱ ትምህርት ከ7 ይታረማል፤ ስድስቱ 42 ይሆናሉ። በዚያ ላይ የ4000 ቃላት የጥናት ጽሑፍና የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ የሚባለው ትምህርት አንድ ላይ እስከ 3 ነጥብ ይጨምራሉ፤ ጠቅላላው 45። የፈጠራ፣ የስፖርትና የበጎ አገልግሎት ተግባሩ ነጥብ የለውም፤ ግን ካልተፈጸመ ዲፕሎማ የለም።

ለማለፍ 24 ነጥብ ይበቃል ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት ነው፣ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። በሦስቱ የከፍተኛ ደረጃ ትምህርቶች ድምር 12 ነጥብ መምጣት አለበት። ልጁ በከፍተኛ ደረጃ 4፣ 4 እና 3 አምጥቶ በመደበኛው ሦስት 6 ቢያመጣ ድምሩ 29 ነው፤ ዲፕሎማውን ግን አያገኝም፤ የከፍተኛው ድምር 11 ነዋ። በአንዱም ትምህርት 1 ካመጣ፣ ወይም በጥናት ጽሑፉ አልያም በዕውቀት ንድፈ ሐሳቡ «ኢ» (E፣ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ደረጃ) ካገኘ ወድቋል። ስለዚህ ለልጁ ከፍተኛ ደረጃ የሚመረጠው ጎረቤት የመረጠው ሳይሆን ልጁ በደንብ የያዘው ትምህርት ነው።

ሒሳቡ ለብቻው ይታይ። ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ትንተና ላይ ያተኮረ፣ ሌላው ተግባርና አተረጓጎም ላይ። እያንዳንዱ ደግሞ ከፍተኛና መደበኛ አለው። ምህንድስና የሚያስቡ ልጆች የትንተናውን ከፍተኛ ደረጃ መያዝ ይሻላቸዋል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት እሱን ነው። አንዳንድ አነስተኛ ትምህርት ቤቶች አንዱን መስመር ብቻ ስለሚያስተምሩ፣ ሳይመዘገቡ በፊት «በከፍተኛ ደረጃ የትንተና ሒሳብ ዘንድሮ ስንት ተማሪ ይዟል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሕክምና የሚያስብ ልጅ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን ሦስቱንም በአንድ ላይ መውሰድ በመደበኛው አሠራር አይቻልም፤ ሁለቱን ነው፤ ያውም ከስድስቱ ትምህርቶች መካከል ለሥነ ጥበብ የተመደበውን ቦታ በሁለተኛው ሳይንስ በመተካት። አንዳንድ አገሮች ለሕክምና ሦስቱንም ይፈልጋሉ። በልዩ ፈቃድ የሚስተካከልበት መንገድ ስላለ 11ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት የትምህርት ቤቱን የዲፕሎማ አስተባባሪ አነጋግሩ።

ትምህርት ቤቱን ስትጎበኙ ስለ አማካይ ውጤት ይነግሯችኋል። የዓለም አማካይ ወደ 30 ነጥብ ነው፤ «የእኛ 36 ነው» ቢሏችሁ ቶሎ አትደነቁ። ደካማ የተባሉት ተማሪዎች ሙሉ ዲፕሎማውን ትተው የተናጠል ትምህርት ሰርተፊኬት ብቻ እንዲፈተኑ ተደርገው ከሆነ አማካዩ ከፍ ይላል። ስለዚህ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ 11ኛ ክፍል የገቡት ስንት ናቸው? ከእነሱ ለሙሉ ዲፕሎማ የተመዘገቡትስ? ያገኙትስ? ያለፉትን 3 ዓመታት በተከታታይ ጠይቁ፤ የአንድ ዓመት ቁጥር አያሳምንም። አስተባባሪው ሥራው ላይ ስንት ዓመት እንደቆየም ጠይቁ። መምህራን በየዓመቱ የሚቀያየሩበት ትምህርት ቤት ላይ የሚጎዳው በክፍል ውስጥ የሚታረመው የተማሪው ሥራ ነው፤ አንዱ መምህር ያስጀመረውን ሌላው አያውቀውምና።

ከመካከለኛው ፕሮግራም የሚመጣው የውጤት ወረቀት ብዙ ወላጅ ያስደነግጣል። በየትምህርቱ 4 መስፈርት አለ፤ እያንዳንዱ ከ8 ይታረማል፤ ድምሩ ከ32 ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ 7 ይለወጣል። ከ19 እስከ 23 ያመጣ ልጅ 5 ያገኛል። አብሽሩ፣ 5 ማለት ጥሩ ውጤት ነው። ከመቶ ወደ 70 ነው ብሎ ማስላት ግን ልክ አይደለም፤ መለኪያው ሌላ ነው።

ኮንትራታችሁ ሲያልቅስ? በውጭ ያለ ቤተሰብ ከሁሉ በላይ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው። በመካከለኛው ፕሮግራም ከአንድ አይቢ ወደ ሌላ አይቢ መዛወር ይቻላል፤ ልጁ ትንሽ ይንገዳገዳል እንጂ አይወድቅም። በ11ኛና በ12ኛ መካከል መዛወር ግን አደጋ ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት የልጁን 6 ትምህርቶች በዚያው ደረጃ፣ በዚያው የሒሳብ መስመርና በዚያው ቋንቋ ማስተማር አለበት። የፈተናው ወቅትም ይለያያል። አብዛኛው የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በሜይ ይፈተናል፤ አውስትራሊያን የመሳሰሉ አገሮች በኖቬምበር። የሥራ ውላችሁ በልጁ 11ኛ ክፍል መጨረሻ የሚያልቅ ከሆነ ዲፕሎማውን አታስጀምሩት፤ ወይም አንዳችሁ ከልጁ ጋር እስከ ፈተናው የምትቆዩበትን የመኖሪያ ፈቃድና ክፍያ አስቀድማችሁ ወስኑ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር የተያያዘ በመሆኑ ይህን ለኋላ ማሳደር አይቻልም።

ወደ ወሎ ለመመለስ የምታስቡም አላችሁ። አይቢ አዲስ አበባ ላይ እንጂ ደሴም ኮምቦልቻም ላይ የለም። ልጁ እዚህ 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚቀመጥ ከሆነ ከ9ኛ ክፍል መጀመሪያ በፊት ቢመለስ ይመረጣል፤ 4ቱን ዓመት የአገሩን መጽሐፍ ይዞ ይማራል። ዲፕሎማውን ጨርሶ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ወይም ሌላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲን ካሰበ ደግሞ የአቻ ግምት የሚሰጠውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የትምህርት ምርጫው ከመደረጉ በፊት መጠየቅ እንጂ ውጤቱን ይዞ መምጣት አይደለም።

አበሉን በተመለከተ፣ ውሉ ላይ «የትምህርት ክፍያ» የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚያካትት አስጽፉ። ከክፍያው ውጪ የማመልከቻ፣ የመግቢያ ፈተና፣ የቦታ ማስያዣ፣ የሕንፃ መዋጮ፣ የአውቶቡስ፣ የደንብ ልብስና የላፕቶፕ ወጪ አለ። የዲፕሎማ ፈተናው ክፍያ ብዙ ቦታ ለብቻው ይጠየቃል፤ ለሜይ ፈተና ምዝገባው የሚዘጋው በኖቬምበር 15 ስለሆነ ገንዘቡ ከዚያ በፊት ይፈለጋል። አሠሪው ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ ይከፍላል ወይስ እናንተ ከፍላችሁ ይመልስላችኋል? ሁለተኛው ከሆነ በሴፕቴምበር ላይ የሚወጣው ገንዘብ ከኪስ ነው። ዱባይ ያላችሁ የእውቀትና የሰው ልማት ባለሥልጣኑ የሚያወጣውን የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት የክፍያ ዝርዝርና የቁጥጥር ሪፖርት አንብቡ። በኢሚሬትስ የግል ትምህርት ቤቶች አረብኛ ለሁሉም (አረብ ላልሆኑ እስከ 9ኛ ክፍል)፣ እስላማዊ ትምህርት ደግሞ ለሙስሊም ተማሪዎች ግዴታ ነው። ልጃችሁ አረብኛ ያልጀመረ ከሆነ የጀማሪ ክፍል እንዳለ አረጋግጡ፤ አለዚያ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ተቀላቅሎ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

አማርኛን ስለመጣል አንድ ነገር እንበል፤ በእኛ በኩል ይህ ያሳስበናል። በዲፕሎማው ውስጥ ልጁ በመጀመሪያ ቋንቋው ሥነ ጽሑፍ መማር ይችላል፤ አማርኛም ከሚፈተኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ትምህርት ቤቱ የአማርኛ መምህር ባይኖረውም «በትምህርት ቤት የሚደገፍ ራስን ማስተማር» የሚባል መንገድ አለ፤ በመደበኛ ደረጃ ብቻ ነው፤ ቢያንስ 9 የሥነ ጽሑፍ ሥራዎች ይነበባሉ። አስተባባሪው ምዝገባውን ይይዛል፤ አስጠኚውን ቤተሰቡ ይፈልጋል። ልጁ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 3ና ከዚያ በላይ፣ በእንግሊዝኛ በሚማረው ታሪክ ወይም ባዮሎጂም እንዲሁ ካገኘ፣ የሁለት ቋንቋ ዲፕሎማ ይሰጠዋል። የሚያደናቅፈው ልጁ አማርኛ እያወራ መጻፍ አለመቻሉ ነው። በ11ኛ ክፍል ፊደል መቁጠር አይደረስበትም። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በሳምንት 2 ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት፣ አንዱን ለማንበብ ሌላውን ለመጻፍ ቢመደብ ይደርሳል። ደሴ ያለ የአማርኛ መምህር በቪዲዮ ሊያስተምረው ይችላል፤ ከዶሃ ጋር ሰዓታችን አንድ ነው፣ ከዱባይ ጋር የአንድ ሰዓት ልዩነት ብቻ።

ከዚህ ስትወጡ የሚያዙ ወረቀቶች ላይ የሚሠሩ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንዱ ስም ነው። ሰይድና መሐመድ በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋሉ፤ በልደት ካርዱ አንድ፣ በሪፖርት ካርዱ ሌላ፣ በፓስፖርቱ ሦስተኛ ይሆናል። ዲፕሎማው ላይ የሚታተመው ለምዝገባ የተሰጠው ስለሆነ ሁሉም ፓስፖርቱን ይከተል። የአባትና የአያት ስም «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን ሲሞላም ለሁሉም ልጆች በአንድ ዓይነት ይሁን። ሁለተኛው ቀን ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ልጅ ላይ 7 ዓመት፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይደመራል፤ በዘመነ ዮሐንስ ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዲሴምበር 29 ቀን 2017 ነው። በስሕተት 8 ተደምሮ 2018 ከተጻፈለት አንድ ክፍል ዝቅ ብሎ ሊመደብ ይችላል። ሪፖርት ካርዱም ላይ «2016» ብቻ ከተጻፈ የውጭው መዝጋቢ የ8 ዓመት አሮጌ ወረቀት ይመስለዋል፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የአውሮፓውያኑን ዓመት አስጨምሩ። ያለፉት 2 ዓመታት ውጤት፣ መልቀቂያውና የልደት ካርዱ ተተርጉመው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጡ፤ ከዚያ የምትሄዱበት አገር ኤምባሲ የሚጠይቀው ይጨመር። ከሄዱ በኋላ ከውጭ ሆኖ በዘመድ ማስጨረስ ወራት ይወስዳል።

ለጋዜጣችሁም አንድ ልመና አለን። «አይቢ» የሚል የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ስትቀበሉ፣ የትኛው ፕሮግራም ከስንት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ እንደተፈቀደለት በአንድ መስመር እንዲጻፍ ጠይቁልን።

የትምህርት ባለሙያዎች፣ ከደሴ