ባሕሩን አንቺ ብታዪው ኖሮ

ሰላም ላንቺ ይሁን የኔ ዓለም፣

ሦስት ዓመት ጠፍቼ ከርሜ ስለ ባሕር ልጽፍልሽ መነሣቴ ሳያናድድሽ አይቀርም። እናትሽ ሲያርፉ እንኳን አልደወልኩም። መጀመሪያ ሰበብ ነበረኝ፣ ኋላ አፈርኩ፤ እፍረቱ ደግሞ እየቆየ ከበደኝ። ነፍሳቸውን ይማር።

አሁን ሮም እህቴ ጋ ነኝ። እንደመጣሁ ባሕር ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ፒራሚዴ ከሚባለው የሜትሮ ጣቢያ አጠገብ የሚነሣ ባቡር አለ፤ በተራው የከተማ ትኬት፣ በ1.50 ዩሮ፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ የሮም የባሕር ዳር ሰፈር የሆነችው ኦስትያ ያደርስሻል። ስትወርጂ ግን ባሕሩን አታዪውም። ግንብ፣ አጥር፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ ቡና ቤት ነው። የባሕር ዳር መንገድ በነሱ ቋንቋ «ሉንጎማሬ» ነው። የኦስትያ ሰው ግን «ሉንጎሙሮ» ብሎ ይቀልድበታል፣ የግንብ ዳር መንገድ ማለቱ ነው።

ባገኘነው በር ገባን። ሰውዬው ሳትከፍሉ አታልፉም አለን። ለአንድ ጃንጥላና ለሁለት የፀሐይ መሞቂያ አልጋ 30 ዩሮ! በብር አትመንዝሪው፤ እኔ መንዝሬው ሆዴን ሲቆርጠኝ ዋለ። ጃንጥላዎቹ ቁጥር ተለጥፎባቸው እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። የኛ ከኋላ ስለነበር ባሕሩን ያየሁት በሰው ጀርባ መሃል ነው። ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው ሲሉን ድፏችንን በፎጣ ሸፍነን እየተደበቅን ጎረስን። ግን ካልጋው ንቅንቅ አላልኩም፣ የከፈልኩበት ነዋ!

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ይህን ሮም ውስጥ ላረጁ አንዲት እናት ነገርናቸው። «አሞኟችሁ!» አሉ። አሸዋው የመንግሥት ነው ለካ፤ ባለ ጃንጥላዎቹ ተከራዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሕግ ማንም ሰው በነሱ በኩል አልፎ ባሕር እንዲገባ በነፃ እንዲፈቅዱ ያስገድዳቸዋል። ውሃው ጠርዝ ላይ ያለውን አምስት ሜትር ያህል ቦታም ጃንጥላ አይተከልበትም፤ መሄጃ ነው። እዚያ ላይ ፎጣ አንጥፎ መተኛት ግን አይቻልም፤ ለዚያ «ስፒያጃ ሊቤራ» የሚሉትን፣ ነፃውን ዳርቻ መፈለግ ነው።

በሳምንቱ እኚሁ እናት ካፖኮታ የሚባል ነፃ ዳርቻ ወሰዱን። ከጣልያን ፕሬዚዳንት ርስት ቀጥሎ ነው፤ የአሸዋ ኮረብታና ቁጥቋጦ፣ ግንብ የለ፣ ቲኬት የለ። አሸዋው ጠቆር ያለ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ ምጣድ ነው፤ ጫማዬን አውልቄ እየዘለልኩ ውሃው ውስጥ ገባሁ። እናታችን ጥላቸውን ዘርግተው ቆሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አደሉ።

ታዲያ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ላንጋኖ፣ ሪዞርቱ በር ላይ፣ የመግቢያ ብር አንሶን ሳንቲም ስንለቅም፣ «ሐይቁን እናንተ ናችሁ የሞላችሁት?» ብለሽ ዘበኛውን ያፋጠጥሽው። እኔ ያኔ በእፍረት መሬት ልገባ ነበር። ኦስትያ በር ላይ ብትኖሪ ኖሮ 30 ዩሮዬ አይወጣም ነበር።

ቁጥርሽ ካልተቀየረ ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። ባታነሺውም አልቀየምሽም፤ እሑድ ደግሜ እሞክራለሁ።